የስኮትላንዶች የጨዋታ ቀን፦ አንድ የደሴ ክራር ሠሪ እንዳየውና እንደሰማው

ከስኮትላንድ ከተመለስኩ ወዲህ ሆጤ ያለችውን ትንሿን የክራር ቤቴን የሚረግጥ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ቀሚስ የሚለብሱት ወንዶች እንዴት ናቸው?» ይለኛል። አልከፋበትም። ከመሄዴ በፊት እኔም ከዚህ የበለጠ አላውቅም ነበር። መልሱ ግን በአንድ ስኒ ቡና አያልቅም። ስለዚህ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ዘመድ ልትጠይቁ ወደዚያ የምትሄዱ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ብዙ ናችሁ። ክረምቱን እዚያ የምታሳልፉ ከሆነ አንዱን ቅዳሜ ለዚህ በዓል ስጡት።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። በዓሉን ሃይላንድ ጌምስ ይሉታል። የደጋው አገር ጨዋታዎች እንደማለት ነው። ከ10 8 እሰጠዋለሁ። ሁለቱን ለምን እንደቀነስኩ ወደኋላ እነግራችኋለሁ። ስምንቱን የሰጠሁት ግን ግንድ ለሚወረውሩት ግዙፎች አይደለም። ሜዳው ዳር፣ ከሻይ ድንኳኑ ጀርባ ለነበረች አንዲት የጣውላ መድረክ ነው።

ክራር እሠራለሁ፣ አስተምራለሁም። ሥራውን ከያዝኩት 27 ዓመት ሆነኝ። ታናሽ እህቴ ኤድንብራ ነርስ ናት። «ወንድም ጋሼ፣ አንድ ጊዜ እንኳ መጥተህ እየኝ» ስትለኝ ዓመታት አለፉ። ባለፈው ክረምት ተሳካ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ባሕር ማዶ በረርኩ። ቤተ መንግሥቱን፣ ሙዚየሙን አሳየችኝ። ደስ ይላል። በሳምንቱ ግን «አንተ የሚያስፈልግህ ይኼ አይደለም። የጨዋታ ቀን ነው ማየት ያለብህ» አለችኝ።

የመረጠችው በዓል ፐርዝሻየር በሚባለው አውራጃ፣ ተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ ነበር። ከኤድንብራ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። የከተማዋን ስም የተውኩት ሆን ብዬ ነው። ቅሬታም ስላለኝ፣ ያለ ደሞዝ የሚለፉ ሰዎችን በስም ማስወቀስ አልፈልግም። ደግሞም ችግር የለውም። ከግንቦት እስከ መስከረም በየቅዳሜው በየከተማው እንዲህ ያለ በዓል አለ። ዘመዳችሁ የትም ይኑር፣ ቅርቡን ይነግራችኋል። መግቢያው ለእኛ በነፍስ ወከፍ 12 ፓውንድ ነበር።

ከአውቶቡስ ስንወርድ መጀመሪያ የተቀበለኝ ጉሙ ነው። ነሐሴ ላይ ጦሳን ጉም ሲውጠው የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ያ ነው፣ ምንም ልዩነት የለውም። ተራራው ከወገቡ በላይ የለም። ሣሩ ርሷል። ካፍያው አይዘንብም አይባል፣ አይተውም። እህቴ ጃንጥላ ልትዘረጋልኝ ስትል «ተይው፣ እኔ የደሴ ልጅ አይደለሁም እንዴ?» አልኳት። ከሰዓት በኋላ ግን ወስጄዋለሁ።

ሜዳው የኳስ ሜዳ የሚያህል ክብ ነው። የሚያስገርመው ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ መካሄዱ ነው። እዚህ ጋ ልጆች ይሮጣሉ። እዚያ ጋ ድንጋይ ይወረወራል። በመካከል መድረክ ላይ ሴት ልጆች በሁለት የተመሳቀሉ ሰይፎች ላይ ይጨፍራሉ። ሰይፉን በጫማ መንካት አይቻልም። የነካ ይቀጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከየአቅጣጫው የባግፓይፕ፣ ማለትም ከረጢትና ቧንቧ ያለው የትንፋሽ መሣሪያቸው፣ ድምፅ ይመጣል። ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የት እንደምመለከት ጠፍቶኝ ነበር።

ግንዱ ሲነሳ ግን ሁሉም ሰው ወደዚያው ዞረ። ኬበር ይሉታል። ቃሉ ከጌይሊክ፣ ከደጋው አገር ቋንቋ፣ የመጣ ነው፣ የቤት ወራጅ እንደማለት። እስከ 6 ሜትር የሚደርስ የተላጠ ግንድ ነው። ሰውየው ቁጢጥ ብሎ ቀጭኑን ጫፍ በሁለት መዳፉ ያቅፋል። ግንዱን ትከሻው ላይ አስደግፎ ቀጥ አድርጎ ይነሳል። ይንደረደራል። ድንገት ይቆምና ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ወፍራሙ ጫፍ መሬት ይመታል፣ ቀጭኑ ይገለበጥና ወደ ፊት ይወድቃል።

እኔ የመሰለኝ ርቀት የሚለካ ነበር። አይደለም። የሚለካው ቀጥታነቱ ነው። ዳኛው ከወርዋሪው ኋላ ኋላ ይሮጣል። ግንዱ ከሰውየው ፊት ለፊት፣ ወዲህም ወዲያም ሳይል ከወደቀ ፍጹም ነው። እሱንም «12 ሰዓት» ይሉታል። የሰዓት መቁጠሪያውን ቀጥ ያለ ዘንግ ማለታቸው ነው። እኛ ስድስት ሰዓት የምንለው። እህቴ ይህን ስታስረዳኝ ግንዱ ሦስት ጊዜ ወድቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እኔም እንደ ዳኛ ነበር የማየው። ለካ ጉልበት ብቻውን ምንም አያደርግም። ከሁሉ የገዘፈው ሰውዬ አንዴም አልተሳካለትም።

ሌላው ደግሞ በአንድ እጅ ብረት ከራስ በላይ ወርውሮ ከአግዳሚ ማሳለፍ ነው። ብረቱ 56 ፓውንድ ይመዝናል፣ 25 ኪሎ ማለት ነው። ሩብ ኩንታል! እህል በረንዳ ሩብ ኩንታል በትከሻው የተሸከመ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እነሱ ጀርባቸውን ለአግዳሚው ሰጥተው፣ በአንድ እጅ፣ ከአራት ሜትር በላይ ያስኬዱታል። በስተጥግ ደግሞ ሺንቲ የሚባል ጨዋታ ልጆች ሲጫወቱ አየሁ። ጫፉ በቆለመመ ዱላ ትንሽ ኳስ ይመታሉ። የእኛ ገና ጨዋታ ነው! ገና ቢሉት ማንም አይከራከርም ነበር።

አሁን ወደ መድረኳ ልመለስ።

ሻይ ፍለጋ ነው የሄድነው። ከድንኳኑ ጀርባ ስናልፍ ድምፅ ሰማሁ። እንደ ሜዳው የብዙ ሰው አይደለም፣ የአንድ ሰው ነው። ዞር ስል አራት ሜትር በአራት ሜትር የምትሆን የጣውላ መድረክ አለች። ላይዋ ላይ 11 ዓመት የሚሆናት ልጅ ባግፓይፕ ታቅፋ ቆማለች። ፊት ለፊቷ አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት፣ እርሳስና የሻይ ፔርሙስ አለ። ተመልካች ስምንት ሰው አይሞላም። እኛን ጨምሮ።

ልጅቷ ወዲያው አልጀመረችም። መጀመሪያ ቃኘች። አስተማሪዋ ወጥታ ከትከሻዋ በላይ የቆሙትን ቧንቧዎች አንድ በአንድ ጨመቅ፣ ዘርጋ እያደረገች ድምፃቸውን አስማማችላት። ሽማግሌው አልቸኮሉም። ሰዓታቸውን አላዩም። እርሳሳቸውን አስቀምጠው ጠበቁ። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ሰው ሲቃኝ የሚጠብቅ አድማጭ ለማግኘት የደከምኩ ሰው ነኝ። እዚያው ነው ልቤ የተነካው።

ከዚያ ጀመረች። ቀስ እያለች፣ እግሯን እየመዘነች፣ መድረኩን ትዞራለች። የቀሚሷ ጫፍ በካፍያው ርሶ ጉልበቷ ላይ ተጣብቋል። መሐል ላይ ስትደርስ አንደኛው ቧንቧ ጮኸና ዝም አለ። የልጅቷ ጉንጭ ቀላ። ዓይኗ ወደ አስተማሪዋ ሄደ። እኔ ሳላስበው በአማርኛ «አብሽሪ!» አልኩ። ጮክ ብዬ ሳይሆን አልቀረም፣ እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። ልጅቷ ግን አልቆመችም። በቀሩት ሁለት ቧንቧዎች ዜማውን እስከ መጨረሻው ወሰደችው።

ሽማግሌው ሲጽፉ ቆዩ። ረጅም ጊዜ ጻፉ። አንድ ገጽ ሞላ። ውድድሩ አልቆ ውጤት ሲነገር ልጅቷ ሦስተኛ ወጣች። ከዚያ ሽማግሌው ጠርተዋት፣ ጠረጴዛው ላይ በባዶ ጣታቸው የሆነ ቦታ እየመቱ አሳዩዋት። እሷም ጠረጴዛው ላይ እሳቸውን ተከትላ መታች። ሁለት ሰው፣ ያለ መሣሪያ፣ በጣት ብቻ። እኛ እየተመለከትን ሻያችን ቀዘቀዘ።

ደሴ ላይ ክራር የሚማሩ ልጆች አሉኝ። የት ይጫወታሉ? ሰርግ ላይ። የትምህርት ቤት መዝጊያ ላይ። ለእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ተጠርተው ሦስት ደቂቃ ተጫውተው ይወርዳሉ። ይጨበጨብላቸዋል፣ እሱ አይጎድልም። ግን ለአንድ ልጅ ጆሮውን ሙሉ በሙሉ ሰጥቶ፣ ስህተቱን ጽፎ፣ ጠርቶ የሚያሳየው ሰው የት አለ? ወሎ የባቲና የአምባሰል አገር ነው። አራቱን ቅኝት ስንቆጥር ሁለቱ ስማቸው ከዚሁ ከእኛ ምድር ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ሀብት ያለን ሰዎች ለልጆቻችን አንድ ጠረጴዛና አንድ እርሳስ አጣን ማለት ነው። ይህ ያመኛል።

አስተማሪዋን ቀርበን አናገርናት። እህቴ «ወንድሜ በአገራችን የክር መሣሪያ ይሠራል» ብላ ነገረቻት። ሴትዮዋ አላቅማማችም። የራሷን ባግፓይፕ አውርዳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ጥቁሩን ቧንቧ በጥፍሬ ኳ ኳ አደረግኩት። ክብደቱንም ድምፁንም አወቅሁት። ዞጲ ነው። ከየት እንደሚመጣ ብጠይቃት «ከአፍሪካ፣ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ» አለችኝ። ይኸው ዛፍ በእኛም ቆላ ይበቅላል። የስኮትላንድ ምልክት የሚባለው መሣሪያ አጥንቱ የእኛው አህጉር እንጨት ነው። ከረጢቱ ድሮ ቆዳ ነበር። አሁን ብዙዎቹ ውሃ የማይዝ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይጠቀማሉ።

አሠራሩን ለሙያ ጓደኞቼ ልንገር። ነፋሹ ከረጢቱን በአፉ ይሞላል። አየሩን ወደ ቧንቧዎቹ የሚገፋው ግን ክንዱ ነው። ስለዚህ ትንፋሽ ሲወስድም ድምፁ አይቋረጥም። ሦስቱ አጃቢ ቧንቧዎች አንድ ድምፅ ይዘው ያለ ማቋረጥ ይጎርፋሉ፣ ሁለቱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም። ዜማው የሚወጣው በጣት በምትዘጋው ከታች ባለችው ዋሽንት ነው። ቻንተር ትባላለች። ያላት ዘጠኝ ድምፅ ብቻ ነው። ከፍና ዝቅ ማድረግ አይቻልም። ዝም ማሰኘትም አይቻልም።

ታዲያ አንዱን ድምፅ ሁለት ጊዜ ለመምታት ምን ይደረጋል? እኛ ክራር ላይ ያልፈለግነውን ክር በግራ ጣታችን አፍነን ዝም እናሰኘዋለን። እነሱ ዝምታ የላቸውም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ሌላ ጣት ለቅጽበት አንስተው ይመልሳሉ። እንደ ብልጭታ ነው። ጆሮ እንደ ዜማ አይሰማውም፣ እንደ ቁርጥ ይሰማዋል። ጥሩ ነፋሽና መጥፎ ነፋሽ የሚለየው በእነዚህ ብልጭታዎች ነው። ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ ለልጅቷ ያሳዩዋት ያንን ነበር።

ስልኬ ላይ ያለውን መቃኛም አውጥቼ ሞከርኩ። እነሱ «ኤ» ብለው የሚጠሩት ድምፅ ስልኬ ላይ ቀጥሎ ካለው ድምፅ፣ ከቢ ፍላት፣ አልፎ ይታያል። ሌላው ዓለም ኤን በሰከንድ 440 ንዝረት ላይ ሲያስቀምጠው እነሱ ጋ ወደ 480 ይጠጋል። ለዚህ ነው ባግፓይፕ ከፒያኖ ጋር አንድ ላይ ሲቀመጥ የሚያስቸግረው። የእኛም ማሲንቆ በሚቃኘው ሰው ጆሮ እንጂ በሌላ መሣሪያ እንደማይገዛ ሁሉ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ እዚያችው መድረክ ላይ ትልልቆቹ ወጡ። የተጫወቱት ፒብሮክ የሚባለውን ነው። አንዱ ብቻ ከአስር ደቂቃ በላይ ይወስዳል። መጀመሪያ ቀርፋፋ ዜማ ይመጣል። ስሙ በጌይሊክ «ወለል» ማለት ነው። ከዚያ ወለሉ ላይ ቤት ይሠራል። በየዙሩ ጌጡ እየበዛ፣ ጣቱ እየፈጠነ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ይራገፍና ወደዚያው ባዶ ወለል ይመለሳል። ድሮ ይህን በጽሑፍ አልነበረም የሚማሩት። «ሂሃሪን፣ ሆዲን» እያሉ እያንዳንዱን ጌጥ በአፍ እየዘመሩ ነው። ስካይ በምትባለው ደሴት ማክሪመን የሚባል ቤተሰብ ነበር። ለማክላውድ ባላባቶች ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበለ ሲነፋ ኖሯል። የአዝማሪ ቤት ልጅ ይህን ሲሰማ ማንም አያስረዳው።

እህቴ ፒብሮኩ አምስተኛ ደቂቃ ላይ «ረዘመ እኮ ጋሼ» ብላ ሄደች። ልክ ናት፣ ለሁሉም ሰው አይደለም። እኔ ግን ሦስት ነፋሽ ሰማሁ።

ይህ ሁሉ እንዲሁ በቀላሉ የተረፈ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1746 ከሎደን በሚባል ሜዳ ላይ ደገኞቹ በመንግሥት ጦር ተሸነፉ። በዚያው ዓመት ሕግ ወጣ። የደጋው ወንድ ከወታደር በቀር ያንን ቀሚስና ባለ መስመሩን ጨርቅ እንዳይለብስ ተከለከለ። ክልከላው የተነሳው በ1782 ነው። ጄምስ ሪድ የሚባል ነፋሽ ደግሞ ዮርክ ከተማ ተሰቅሏል። መሣሪያ አልያዝኩም፣ ባግፓይፕ ብቻ ነው የያዝኩት ቢልም፣ ደገኛው ጦር ያለ ነፋሽ አይዘምትምና ባግፓይፑም የጦር መሣሪያ ነው ተባለ። ይህን ሳነብ ግራዚያኒ በ1937 እ.ኤ.አ. ያስገደላቸው አዝማሪዎች ናቸው የታወሱኝ። ጨቋኝ ሁሉ ዜማ የሚፈራው ለካ አንድ ዓይነት ነው።

ዛሬ የምናየው የጨዋታ ቀን ቅርጹን የያዘው ከዚያ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከሁሉ ስመ ጥሩ የብሬማር በዓል ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1848 ሄዳበት ታውቃለች። ነገሥታቱ እስከ ዛሬ በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ይገኙበታል። እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው። የብሬማር ማኅበር በ1815 ሲቋቋም የአናጢዎች መረዳጃ ነበር። ለታመመ፣ ለደኸየ አባል የሚደርስ። ዕድር ማለት ነው! እኔ በሄድኩበት ከተማም ወንበር የሚደረድረው፣ ሻይ የሚቀዳው፣ ትኬት የሚቆርጠው የሰፈሩ ሰው ነው። ድንኳኑንም ሲያፈርሱት አየሁ። ልክ የእኛ ዕድር ድንኳን እንደሚፈርስ፣ አንዱ ገመድ ሲጠቀልል ሌላው ካስማ ይነቅላል።

ወደ ቅሬታዬ። የመጀመሪያው ድምፅ ማጉያው ነው። ዋናው ሜዳ ላይ የሚናገረው ሰውዬ ማጉያ አንዱ የተሰቀለው ልክ ከመድረኳ በላይ ነበር። ልጅቷ በጣም ስስ በሆነው ቦታ ላይ ስትደርስ «ነጭ መኪና ያቆማችሁ እባካችሁ አንሱ» ይላል። ይኼ አያሳዝንም? ያንን ማጉያ ማዞር የአንድ ሰው፣ የአንድ መሰላል ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ ለእንግዳ ምንም አልተጻፈለትም። የፕሮግራም ወረቀቱ የስፖንሰር ማስታወቂያ ሞልቶበታል። ፒብሮክ ምን እንደሆነ፣ ዳኛው ምን እንደሚሰማ ግን አንድ መስመር የለውም። እህቴ ባትኖር ግማሹ ያመልጠኝ ነበር።

የመጸዳጃ ወረፋው ረጅም ነው። መሬቱ ጭቃ ነው፣ ሸራ ጫማ አድርጋችሁ አትሂዱ። የመጨረሻው አውቶቡስ የማታው ጭፈራ ሳያልቅ ይሄዳል። እኛ የእህቴ የሥራ ባልደረባ ባትወስደን ኖሮ ችግር ላይ ነበርን። አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከአንዱ ድንኳን ለእናቴ የአንገት ልብስ ገዛሁ። «ንጹህ ሱፍ ነው» አለኝ ሻጩ። ማታ እህቴ ከጀርባው ያለውን ምልክት ስታነበው ግማሹ እንኳ ሱፍ አልነበረም። ከመክፈላችሁ በፊት ምልክቱን አንብቡ። ዋናው ቀሚስ ግን የምር ሱፍ ነው። ኪልት ይሉታል። ለአንድ ሰው 7 ሜትር ገደማ ጨርቅ ይገባበታል። ከኋላ የሚታጠፈው እጥፍ መስመሩ እንዳይዛነፍ ሆኖ ነው የሚሰፋው። የአንዱን ሰውዬ እጥፍ ከኋላው ቆሜ ቆጠርኩት፣ 28 ላይ ሲደርስ ተንቀሳቀሰብኝ።

ስለ ምግቡ አጭር ነኝ፣ ፍልሰታ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነበርና። ሃጊስ የሚሉት ምግባቸው የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተፈጭቶ ከአጃና ከሽንኩርት ጋር ጨጓራ ውስጥ የሚቀቀል ነው። የዱለት ዘመድ ነው። ስጋ የሌለበትም አለ፣ በአጃና በምስር የሚሠራ። ቅቤ እንደሌለው ጠይቄ ያንን ከድንች ጋር በላሁ። በርበሬው ያንሰዋል፣ ግን ያጠግባል። በዚያ ብርድ ትኩስ መሆኑ ብቻ በቂ ነው።

ማታ የከተማው አዳራሽ ውስጥ ኬሊ የሚሉት ጭፈራ አለ። ቃሉ ሰው መጠየቅ፣ ተሰብስቦ መጫወት እንደማለት ነው። ቫዮሊን፣ አኮርዲዮን፣ ትንሽ ከበሮ። አንዲት ሴት መድረክ ላይ ቆማ «ግራ! ቀኝ! ዙሩ!» ትላለች፣ የማያውቅም ይገባል። ወንድና ሴት በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። አንዱ ጥንድ ረድፉን እያቋረጠ፣ እያንዳንዱን ሰው ክንድ ለክንድ እየያዘ እያሽከረከረ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር ይሽከረከራሉ። የእነሱ ጭፈራ እግር ላይ ነው፣ የእኛ ትከሻ ላይ። ሦስተኛው ዙር ላይ እህቴ ጎተተችኝና ገባሁ። ትከሻዬ የለመደውን ሲያደርግ ከጎኔ የነበረች ሴትዮ ቆም ብላ አየችኝና ልትሞክረው ጀመረች። በደቂቃ ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ትከሻውን እየመታ ነበር።

መጨረሻ ላይ ሁሉም ክብ ሠርቶ እጅ ለእጅ ተያያዘ። አንድ መዝሙር አለ፣ ከእሱ በፊት ማንም አይበተንም። «ኦልድ ላንግ ሳይን» ይባላል። ገጣሚው ሮበርት በርንስ በ1788 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነው፣ ከአንድ ሽማግሌ አፍ እንደሰማው ተናግሯል። ስሙ «ያ የድሮው ጊዜ» ማለት ነው። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ክንዳቸውን አመሳቅለው እንደገና ይያያዛሉ። ቃሉን አላውቀውም። ዜማውን ግን ከንፈሬ ይዞት ነበር። ለምን እንደሆነ ሁለተኛው ዙር ላይ ገባኝ። አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ያ አምስት ድምፅ ትዝታ ሜጀር ነው። ትርጉሙም ትዝታ፣ ቅኝቱም ትዝታ! እህቴን «ይኼ እኮ ትዝታ ነው» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። አልቅሳ ነበር። 14 ዓመት ሙሉ ያንን መዝሙር በየበዓሉ ስትሰማ ለምን አንጀቷን እንደሚበላው አላወቀችም ነበር።

ደሴ በገባሁ በማግስቱ ክራሬን አወረድኩ። ትዝታ ቃኘሁትና ሞከርኩት። የመጀመሪያው ስንኝ እስኪያልቅ ድረስ እያንዳንዱ ድምፅ በየክሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። የስንኙ የመጨረሻ ድምፅ ላይ ግን ክር አለቀብኝ። ያቺ ድምፅ ከስድስተኛው ክር በላይ ናት። ወደ ታች አውርጄ በሁለተኛው ክር መታኋት። ዜማው ይሄዳል፣ ግን ወደ ላይ ሊያይ ሲል አንገቱን እንደደፋ ሰው ይሆናል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጠረጴዛ በሩ አጠገብ አወጣለሁ። ወረቀትና እርሳስ አስቀምጣለሁ። ተማሪዎቼ አንድ በአንድ ይገባሉ። እስኪቃኙ እጠብቃለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ ሰምቼ እጽፍላቸዋለሁ። መጀመሪያ ፈርተው ነበር። አሁን ወረቀቱን እያጠፉ ደብተራቸው ውስጥ ይከታሉ። ባለፈው ሳምንት ያንን የስኮትላንዶች ዜማ አሳየኋቸው። ከሁሉ ትንሹ፣ 12 ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛው ክር ላይ ስወርድ ወዲያው ያዘኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ወደ ላይ ነበር እኮ መሄድ የፈለገው።»

«ክር የለማ።»

«ታዲያ ሰባተኛ ለምን አይጨምሩበትም?»

ቀንበሩ ላይ ሰባተኛውን ቀዳዳ ትናንት በሳሁት። መቃኛውን እየፋቅኩ ነው። ለቅዳሜ ይደርሳል።